ላንድሮቨሬ ላይ የደፈንኳቸው 11 ቀዳዳዎች

አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ገዝቼ በመጀመሪያው ዓመት 11 ቀዳዳ ደፈንኩ። ገሚሱን በብየዳ፣ ገሚሱን በስቱኮ፣ አንዱን በብሎን፣ አንዱን ደግሞ በታርጋ። ኋላ እንደገባኝ 11ዱንም ፋብሪካው አስቦበት ነው የተዋቸው። ፋብሪካው ያልበሳት አንዲት ቀዳዳ ነበረች። እሷን ግን «ይቺስ የፋብሪካ ናት» ብዬ በክብር ተውኳት።

ይህን የምጽፈው አሮጌ መኪና ገዝቶ በገዛ እጁ ሊያድስ ላሰበ ሰው ነው። እኔ ያወጣሁትን ገንዘብና ያጣሁትን እንቅልፍ ሌላው እንዳይደግመው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የምኖረው በርሚንግሃም ነው። ላንድሮቨር ተወልዶ ያደገበት ሶሊሃል እዚሁ አጠገባችን ነው። ወደዚህ መኪና የሳበኝ ግን ቅርበቱ አይደለም። አባቴ ወሎ ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበሩ፤ የሚነዱትም ላንድሮቨር ነበር። ልጅ ሳለን የዚያን መኪና ድምፅ ከሩቅ እንለያለን። ገና ሳይታይ «አባባ መጡ» ብለን ወደ በር እንሮጣለን። እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖሬ፣ አንድ ቀን የ1967 ላንድሮቨር ለሽያጭ ቀርቦ ሳይ ልቤ ደነገጠ። አጭሩ ነው፤ ባለ 88 ኢንቹ፣ ከላይ ሸራ የሚለብሰው፣ ፋናዎቹ ሁለቱም መሀል ግንባሩ ላይ የተጠጋጉ።

ስህተቴ የጀመረው ገና ሳልገዛው ነው። ጋራዥ የሠራ አንድ የአገሬ ልጅ «ማግኔት ይዘህ ሂድ። ማግኔቱ ያልያዘበት ቦታ ስቱኮ ነው» አለኝ። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ለሌላ መኪና። ሄድኩ። ከጎማው በላይ ያለው ፓርፋንጎ ላይ አስጠጋሁት፣ ወደቀ። ኮፈኑ ላይ፣ ወደቀ። የኋላው ስፖንዳ ላይ፣ ወደቀ። መኪናው ሙሉ በሙሉ በስቱኮ የተሠራ መሰለኝ! ፊቴን ኮስተር አድርጌ ሻጩን «ይሄ ሁሉ ተለስኗል፤ ዋጋ ቀንስልኝ» አልኩት። ሰውየው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። የላንድሮቨር ገላ አሉሚኒየም ነው፤ ማግኔት አይዘውም። እንዲያውም አንድ ሳንቲም አልቀነሰልኝም። የማላውቅ መሆኔን በራሴ አፍ ነገርኩታ።

ነገሩ ታሪክ አለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በራሽን ነበር። አሉሚኒየም ግን እንደ ልብ ይገኛል፤ ለጦር አውሮፕላን ሲመረት የኖረ ነው። የሮቨር ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ አንግልሲ ደሴት ላይ እርሻ ነበራቸው። እዚያ የተረፈ የአሜሪካ ጂፕ ይጠቀሙ ነበር፤ እሱን የሚተካ የገበሬ መኪና አሰቡ። ገላውን ቢርማብራይት ከተባለ፣ ማግኒዥየም ከተቀላቀለበት አሉሚኒየም ሠሩት። ለአዲስ ማተሚያ ማሽን የሚወጣ ገንዘብ ስላልነበረ ላሜራው በተቻለ መጠን ጠፍጣፋ ሆነ። መኪናው ሚያዝያ 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ለዓለም ታየ። በወቅቱ እንደ ጊዜያዊ መተዳደሪያ ነበር የታሰበው።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል ትሉ ይሆናል። አብዛኛው ግራ የሚያጋባ ነገር ከዚህ ነው የሚመነጨው። ገላው አሉሚኒየም ነው። መኪናውን ከሥር የተሸከመው ሻንሲ፣ የበሮቹ አጽም፣ ከሞተሩና ከሹፌሩ መሀል ያለው ግድግዳ ግን ብረት ነው። ስለዚህ ማግኔታችሁን አትጣሉት። ላንድሮቨር ላይ ሥራው ተቃራኒ ነው፤ ብረቱ የት እንዳለ ያሳያችኋል። ብረቱ ባለበት ዝገት አለ። አሉሚኒየሙ ላይ ስቱኮ ለመፈለግ በጣት ኳ ኳ አድርጉ። ባዶው ላሜራ ይጮኻል፤ ስቱኮ ያለበት ድምፁ ይታፈናል።

ቤት ካደረስኩት በኋላ ዙሪያውን ሳየው ሁሉም ነገር ጥርጣሬ ሆነብኝ። የግራው በር ክፍተት ከቀኙ ይሰፋል። የስፖንዳው ላሜራ ብርሃን ሲያርፍበት ይሞገዳል። የነጥብ ብየዳዎቹ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ይታያሉ። «ይሄ መኪና ተገልብጦ ነበር» ብዬ ደመደምኩ። ቅዳሜና እሁድ ሦስት ሳምንት ሙሉ ላሜራ ስቀጠቅጥና ስለስን አለፈ። ያ ሁሉ ሞገድ ፋብሪካው እንዳወጣው ነበር። በእጅ የተገጣጠመ የእርሻ መኪና ነው። እኔ ግን እንደ ዛሬ መኪና ልሙጥ ላደርገው ታገልኩ።

ከዚህ ያወጡኝ ጎረቤቴ ናቸው። ሽማግሌ እንግሊዛዊ ናቸው፤ ሎንግብሪጅ መኪና ፋብሪካ ላሜራ ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ። በስማቸው እንድጠራቸው አስገድደውኛል፤ በልቤ ግን ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ እሁድ ስቀጠቅጥ ሰምተው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉና ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ «ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ» ብለው ጋራዣቸውን ከፈቱ።

ውስጥ የ1958 ሞሪስ ማይነር ቆማለች። ክብ፣ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ እንቁላል የመሰለች። ኮፈኗ መሀል ላይ ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቅ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ከፍ ያለ መስመር አለ። «ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ። ለሁለት ተቆርጦ የተቀጠለ ኮፈን ነው አልኩ። «ልክ ነህ» አሉ። «የቆረጠው ግን ንድፉን የሠራው ሰው ነው።»

ታሪኩ እንዲህ ነው። ንድፉን የሠራው አሌክ ኢሲጎኒስ፣ መኪናዋ ለገበያ ልትቀርብ ስትል ጠበበችበት። የሙከራዋን መኪና ከፊት እስከ ኋላ ለሁለት አስቆረጠና ሁለቱን ክፋይ እያራራቀ ተመለከተ። 4 ኢንች፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሰፋ «አሁን ሆነች» አለ። ያ ጠፍጣፋ መስመር የተጨመረው ስፋት ነው። ይባስ ብሎ ከፊትና ከኋላ ግጭት የሚከላከሉት ፓራውልቶች ቀድመው ተሠርተው ነበር። አይጣሉ ነገር ገንዘብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ማይነሮች ፓራውልት መሀል ላይ ተቆርጦ 4 ኢንች ቁራጭ ገብቶበታል። መኪናዋ በ1948 ጥቅምት ለንደን ላይ ስትታይ በዚያው ጠባሳ ነው የታየችው። ይህን የማያውቅ ሰው የድሮ ማይነር ሲያይ «ተጋጭታለች» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ «ላስተካክል» ብሎ ቀጥ ያለ ፓራውልት ይገጥምላትና ዋጋዋን ይጥላል።

እግረ መንገዴን፦ የጋሼ ማይነር በሁለቱ በሮች መሀል ባለው ምሰሶ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለ። ሲታጠፉ ከስንጥቁ ውስጥ መብራት ያላት ትንሽ ክንድ ወጥታ አቅጣጫ ትጠቁማለች። ያኔ ነው «ፍሬቻ» የምንለው ቃል የገባኝ። በጣልያንኛ ቀስት ማለት ነው። እኛ ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት ዛሬም ቀስት እንለዋለን።

ከዚያ ቀን በኋላ መቀጥቀጤን ተውኩ። ቀዳዳ መድፈኔን ግን አልተውኩም። የላሜራ ሞገድ የፋብሪካ ሊሆን እንደሚችል ገብቶኛል። ቀዳዳ ግን ቀዳዳ ነው፤ ውሃ ያስገባል፤ ይደፈን አልኩ።

በመጀመሪያ የሻንሲውን ሆድ አየሁ። ሻንሲው ከላሜራ ተበይዶ እንደ ሳጥን የተሠራ ነው፣ ውስጡ ባዶ። ከሥሩ ጣት የምታስገባ 4 ቀዳዳ አገኘሁ። በየድኳቸው። ከኋላ ያለው መስቀለኛ ብረት መሀል ላይ ደግሞ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ የሚበልጥ ትልቅ ክብ ቀዳዳ አለ። «ማን ነው እንዲህ የቦደሰው?» ብዬ ላሜራ ቆርጬ ለጠፍኩበት። የሁለቱ በሮች ግርጌ ላይ ሁለት ሁለት ሽንቁሮች አሉ። በስቱኮ ሞላኋቸው። የፊት ፓራውልት መሀል አንድ ቀዳዳ አለ። ታርጋ ሰቀልኩበት፤ እንዲያውም ቦታዋ ተሰፍቶ የተሠራ መሰለኝ። መጨረሻ ላይ ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያገናኘው የፍሪሲዮን ቤት ሥር ጥርስ ያላት ቀዳዳ አገኘሁ፤ ዘይት ጠብ ጠብ ይልባታል። ልኳን ብሎን ፈልጌ ክር ጠቅልዬ አጠበቅኩባት። ጠብታው ቆመ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የታመምኩትም ያኔ ነው። የኋላው ሳጥን ከንፈር ላይ ፈዛዛ ግራጫ የብረት ጠርዝ አለ። ቀለም የለበትም። የተረሳ መስሎኝ በግራይንደር ፋቅኩት። ያ ግራጫ ነገር ዚንክ ነበር፤ እንደ ቤት ቆርቆሮ ጋልቫናይዝድ የተደረገ፣ ዝገት እንዳይነካው ፋብሪካው ራሱ ያለበሰው። ፍቄ የቀባሁት ቀለም በጥቂት ወራት ተላጠ፤ ከሥሩ ቀይ ዝገት መጣ። ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ የተሰነጠቀውን ጠርዝ ጋራዥ ዘግቼ መበየዴ ነው። ነጭ ጭስ ሞላ። ብርድ ስለነበር በር አልከፈትኩም።

ማታ አፌ ውስጥ የሳንቲም ጣዕም መጣ። ከዚያ ብርድ ብርድ አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ እንደ ወባ ያንዘፈዝፈኝ ጀመር። ባለቤቴ ሁለት ብርድ ልብስ ደረበችልኝ። እንደ አገራችን ወግ ወተትም አጠጣችኝ፤ ብየዳ የሠራ ወተት ይጠጣል አይደል የሚባለው? ወተት ጉሮሮ ያለሰልስ ይሆናል እንጂ ሳንባ አይገባም። የዚንክ ጭስ ትኩሳት ይባላል። ከሰዓታት በኋላ ነው የሚነሳው፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። እኔንም ለቀቀኝ። ጋልቫናይዝድ ብረት የምትበይዱ ሰዎች፣ እባካችሁ ከደጅ ሥሩ፣ የምትበይዱበትን ቦታ ዚንክ አስቀድማችሁ አስወግዱ፣ ለብየዳ ጭስ የሚሆን ማስክ አድርጉ። የጨርቅ ማስክ ምንም አያደርግም። ትንፋሽ ካጠራችሁ ደግሞ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ «ያልፋል» ብላችሁ አትጠብቁ።

የእንግሊዝ ብርድ ወራት ገባ። መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ጨው በረዶውን ያቀልጣል፤ የአሮጌ መኪናንም ሆድ ይበላል። ጥር አጋማሽ ላይ አንድ ዳገት ስወጣ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ግን አልሄደም። ቤንዚን በረገጥኩ ቁጥር ድምፁ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ አይጨምርም። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።

እሁድ ለአባቴ ስደውል እንደ ቀልድ ነገርኳቸው። እሳቸው ዛሬ ደሴ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። የመኪና ወሬ ግን አይጠግቡም።

«ከሥሩ ያለችው ብሎን የታለች?» አሉኝ።

«አጥብቄያታለሁ አባባ። ዘይት ታንጠባጥብ ነበር።»

ለትንሽ ጊዜ ጸጥ አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«አንተ ልጅ፣ ወንዝ ልትሻገር ነው እንዴ?»

ሳቁብኝ። ከዚያ አስረዱኝ። ያቺ ቀዳዳ ሁልጊዜ ክፍት ሆና ነው የምትኖረው። ከሞተሩም ከካምቢዮውም ትንሽ ዘይት ማምለጡ አይቀርም፤ ያ ዘይት ወደ ፍሪሲዮኑ ሳይሄድ በእሷ ይወጣል። ብሎኗ የምትጠብቀው ጥልቅ ውሃ ሲገባ ብቻ ነው። «እኛ ድልድይ የሌለው ወንዝ ዳር ስንደርስ ረዳቴ ጭቃው ላይ ተንጋሎ ያጠብቃታል። ማዶ እንደወጣን ደግሞ ወርዶ ይፈታታል። ረስተናት ያደርን ቀን ዳገቱ ላይ ቆመን እናድራለን።»

ስልኩን ዘግቼ ሥር ገባሁ። ብሎኗን ስፈታ ጥቁር ዘይት ክንዴን ተከትሎ እስከ ብብቴ ወረደ። አንድ የሻይ ብርጭቆ ይሞላል። ወራት ሙሉ ፍሪሲዮኑን በዘይት ስነክረው ነበር። የፍሪሲዮኑ ሸራ ዘይት ከጠጣ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ካምቢዮ ወርዶ መቀየር ነበረበት። ቀዳዳዋ ግን ዛሬ ክፍት ናት። ጠብ ጠብ ትላለች፤ እኔም ካርቶን አነጥፍላታለሁ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። አሥሩን ቀዳዳ አንድ በአንድ እያሰብኩ አደርኩ።

በማግስቱ ዓመታዊ ምርመራ ወደሚያደርግ ሰው ወሰድኩት። እዚህ አገር 40 ዓመት ያለፈው መኪና፣ በጣም እስካልተለወጠ ድረስ፣ ከ2018 ጀምሮ ዓመታዊ ምርመራ ግዴታ የለበትም። እኔም በዚሁ ተኩራርቼ ነበር። ስህተት ነው። ግዴታ ባይሆንም በዓመት አንድ ጊዜ በገንዘባችሁ አስመርምሩ። ሰውየው ትንሽ መዶሻ ይዞ ሥር ገባ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ድምፁ ጤነኛ ነው። የኋላው መስቀለኛ ብረት ጋ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ፣ ዱብ አለ። ሁለተኛ ሲመታ መዶሻው ገባ።

ከውጭ ቀለሙ አዲስ ነው። እኔው ነኝ የቀባሁት። ከውስጥ ግን በልቶት ነበር። ሻንሲው ሙሉ በሙሉ የታሸገ ሳጥን አይደለም። ከጎንና ከላይ ባሉ ቀዳዳዎች ውሃና ጭቃ መግባቱ አይቀርም። ከሥር ያሉት አራቱ የተበሱት ያ የገባው እንዲወጣ ነው። እኔ መውጫውን ዘጋሁት። የኋላው ትልቁ ክብ ቀዳዳ ደግሞ ትራክተራዊ ታሪክ አለው። ላንድሮቨር ገበሬ እንዲጠቀምበት ስለታሰበ፣ ከካምቢዮው ኃይል የሚያወጣ ዘንግ በዚያ ቀዳዳ አልፎ መጋዝ ወይም መውቂያ ያሽከረክራል። ዘንጉ ባይገጠምም ቀዳዳው አለ። እኔ ከኋላ ስለጥፍበት ጎማው የሚረጨው ጭቃ ከፊት ገብቶ መውጫ አጣ። ጨዋማ ጭቃ፣ ወራት ሙሉ።

ከሥር ተንጋልዬ የበየድኳቸውን መልሼ ስበሳ የሆነውን አልረሳም። የድሪሉ ጫፍ ዘልቆ እንደገባ ቡናማ ውሃ ፊቴ ላይ ተደፋ። ከዝገት ፍርፋሪ ጋር። መነጽር ባላደርግ ዓይኔ አልቆ ነበር። ሦስተኛው ቀዳዳ ጋ ስደርስ ብልህ ሆኜ ወደ ጎን ተኛሁ።

መስቀለኛው ብረት ተቆርጦ በአዲስ ተተካ። ከሠራተኛ ዋጋ ጋር ወደ 900 ፓውንድ ሄደብኝ። የፍሪሲዮኑ ለብቻው ነው። ለባለቤቴ የነገርኳት ቁጥር ከዚህ ያነሰ ነው፤ ይህን ጽሑፍ ካነበበች አብረን እናየዋለን።

በሮቹስ? የውስጡን መሸፈኛ ሳወልቅ የበሩ ግርጌ ላይ ያለው የብረት ቦይ ውሃ አቁሯል። በመስታወቱ ዳር የዝናብ ውሃ መግባቱ የታወቀ ነው። ፋብሪካውም አልካደውም፤ በገባበት ይውጣ ብሎ ሽንቁር ተወለት። እዚያው በር ላይ ሌላም ስህተት ሠርቼ ነበር። የድሮዎቹን ደብዛዛ ብሎኖች ጥዬ የሚያብለጨልጭ የማይዝግ ብረት ብሎን አስገባሁ። «የማይዝግ» ሲሉኝ አመንኩ። ብሎኑ እውነትም አልዛገም። አጠገቡ ያለውን አሉሚኒየም ግን አስበላው። ብረትና አሉሚኒየም ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሲነካኩ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። በየብሎኑ ዙሪያ እንደ ዱቄት ነጭ ነገር ካያችሁ ይሄው ነው። መፍትሔው ሁለቱ እንዳይነካኩ ማድረግ ነው። ሁለቱንም ገጽ ቀለም ቀቡ፤ በመሀላቸው ለዚሁ የተሠራ መለያ ቅባት አድርጉ፤ ከብሎኑ ሥር የናይሎን ቀለበት አስገቡ። ፋብሪካው የተጠቀመበት ደብዛዛ ብሎን ዚንክ የለበሰ ነበር፤ ከአሉሚኒየም ጋር የተሻለ ይስማማል።

የፓራውልቱ ቀዳዳ ነገር ደግሞ የካቲት ላይ መጣ። ጠዋት ላይ ነው፣ ውርጭ ነው። ቁልፍ ባዞር ጠቅ ብቻ። ባትሪው ሞቷል። ልጄን ትምህርት ቤት ማድረስ አለብኝ። ጋሼ በመስኮት አይተውኝ በፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው ወጡ። በእጃቸው የታጠፈ ብረት ይዘዋል። ማኖቤላ! ሞተር በእጅ አዙሮ ማስነሻ፤ ከልጅነቴ በኋላ አይቼው የማላውቅ ዕቃ። ወደ መኪናው ፊት ሄዱና ቆሙ።

«ቀዳዳው የታለ?» አሉኝ።

ታርጋው ሥር ነዋ። በብርድ በደነዘዘ ጣት ሁለቱን ብሎን እስክፈታ ልጄ መኪናው ውስጥ ሆና ሰዓት ትቆጥርብኛለች። ማኖቤላው በፓራውልቱ ቀዳዳ ገብቶ፣ በራዲያተሩ ሥር አልፎ፣ ሞተሩ አፍንጫ ላይ ቀጭ አለ። ጋሼ ማርሹ ነፃ መሆኑን ሁለት ጊዜ አስረገጡኝ። ከዚያ እጄን ይዘው አስተካከሉት። አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሆናል፤ ብረቱን ዙሪያውን አይጨብጥም። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመለሰ አውራ ጣት ይሰብራል። ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ሳቡ እንጂ ወደ ታች አትጫኑ። በሦስተኛው ተነሳ። ልጄ አጨበጨበች። ታርጋውን ያን ቀን ዝቅ አድርጌ አዲስ ቦታ ሰጠሁት።

መጋቢት ላይ ጋሼ ጌይደን ያለው የእንግሊዝ የመኪና ሙዚየም ይዘውኝ ሄዱ። እዚያ በ1959 ከመስመር የወጣችው የመጀመሪያዋ የሞሪስ ሚኒ አለች። የብየዳው ስፌት ከውጭ ይታያል፣ እንደ ተገለበጠ ሸሚዝ። ለሠራተኛው እንዲቀል ነው። እሱን ስፌት ፍቀው ልሙጥ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ስፌቱ ግን ላሜራውን አያይዞ የሚይዘው ራሱ ነው፤ እውቀት በሌለው እጅ ከተቆረጠ ገላው ይላላል። የድሮ ሚኒ የኋላ ታርጋም ከላይ በማጠፊያ የተንጠለጠለ ነው፤ ብዙ ሰው ተሰብሮ የላላ ይመስለዋል። የሻንጣው ክዳን ወደ ታች ነው የሚከፈተው። ዕቃ በዝቶ ክዳኑ እንደተከፈተ ሲነዳ ታርጋው በማጠፊያው ይወርድና ቀጥ ብሎ ይታያል። ይህን ስታውቁ «ላጥብቀው» ማለት ያሳፍራል።

የሞሪስ ማይነርን ባለ እንጨት መኪና፣ ትራቨለር የሚሉትን፣ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ እንጨቱ ጌጥ አይደለም። የኋላውን ገላ ተሸክሞ የያዘው እሱ ነው። ከበሰበሰ በምርመራ ይወድቃል። ጣታችሁን ከታችኛው እንጨት ላይ ተጫኑ። ከገባ፣ ወይ ዋጋ አስቀንሱ፣ ወይ ሻዩን ጠጥታችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ታዲያ የፋብሪካ የሆነውንና ያልሆነውን እንዴት ትለያላችሁ? ለእኔ የሠራልኝን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጥንዱን ፈልጉ። በግራ ያለ ቀዳዳ በቀኝም በዚያው ልክ ካለ፣ የፋብሪካ ነው የሚያሰኝ ነው። የራዲዮ ወይም የመብራት ቀዳዳ የበሳ ባለቤት በሁለቱም ወገን እኩል አይበሳም። ከዚያ ጠርዙን በጣት ዳሱ። በማሽን የተበሳ ጠርዙ ልሙጥ ነው፤ በእጅ ድሪል የተበሳ ይቧጭራል። ከዚያ በባትሪ ወደ ውስጥ እዩ። የመጀመሪያው ቀለም ቀዳዳው ከንፈር ላይ ከዞረ፣ ከቀለሙ በፊት ነበረች ማለት ነው። ቀለሙ ጫፉ ላይ ከተቆረጠ ግን፣ በኋላ የመጣች ናት። ከሁሉ በላይ ግን ሁለተኛ መኪና እዩ። በየከተማው አሮጌ መኪና ያላቸው ሰዎች እሁድ እሁድ ይሰባሰባሉ። አንዱን ሽማግሌ ሄዳችሁ «ይቺ ቀዳዳ አንተም ጋ አለች?» በሉት። ሲያወራችሁ ያመሻል። የፋብሪካውን የዕቃ ዝርዝር መጽሐፍ ግዙ፤ ሥዕሎቹ እያንዳንዷን ብሎን ያሳያሉ። ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊትም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ የእኔ ፎቶዎች ሁሉ ከደፈንኩ በኋላ የተነሱ ናቸው።

ውሃ መውጫ ቀዳዳዎችን ከከፈታችሁ በኋላ በሽቦ ጥረጉ። በየዓመቱ ከብርዱ በፊት የሻንሲውን ውስጥ በውሃ አጥባችሁ፣ ጥቂት ደረቅ ቀናት ጠብቃችሁ፣ ዝገት መከላከያ ሰም ርጩበት። ሰሙ ቀዳዳዎቹን እንዳይደፍን ደግሞ መልሳችሁ እዩ። ይህንንም ተሳስቼ ነው የተማርኩት፤ አላብራራውም።

አሁን ዝናብ ዘንቦ ሲያበቃ በሮቹ ሥር ሁለት ሁለት የውሃ መስመር አስፋልቱ ላይ ይታያል። ልጄ «ላንድሮቨሩ ሸና» ትላለች።

ያቺ በክብር የተውኳት ቀዳዳ ግራው ፓርፋንጎ ላይ ናት። ዙሪያዋ ጥሩ የጎማ ቀለበት አለ፤ ንጽሕናዋን አይቼ ነው የፋብሪካ ያልኳት። ባለፈው ሰኔ ጋሼ ጎማውን አንስተው ጣታቸውን ከተቱ። ቀኙን ፓርፋንጎ አዩ። ጥንድ የለም። ጠርዙ ይቧጭራል። «የራዲዮ አንቴና» አሉ፣ ፈገግ ብለው። ከሥሯ ያለው የአሉሚኒየም እጥፋት በገባው ውሃ ነጭ ዱቄት ሆኗል። መደፈን ያለባት እሷ ብቻ ነበረች። ስቱኮው ከመደርደሪያው ላይ አለ። እስካሁን አልደፈንኳትም፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ።